ማሪ ኩሪ ልጇን የት አስተማረች?



ባለፈው ወርሃዊ ስብሰባችን ከሂሳብ ሪፖርቱ በኋላ አንዲት አባላችን ተነስታ የጠየቀችውን ጥያቄ ብዙዎቻችሁ ታስታውሳላችሁ። ልጇ አራተኛ ክፍል ናት። መምህሩ ጥያቄውን ሰሌዳ ላይ ጽፎ ሳይጨርስ እሷ ሠርታ ትጨርሳለች፤ ከዚያ ሌሎቹ እስኪጨርሱ እጇን አጣጥፋ እንድትቀመጥ ይነገራታል። አሁን አሁን ጠዋት ጠዋት ሆዴን አመመኝ ማለት ጀምራለች። እናትየዋም ከዚያ አስወጥቼ በሌላ መንገድ ላስተምራት ብል እብደት ይሆናል ወይ ብላ ጠየቀችን። አዳራሹ ለሁለት ተከፈለ። ግማሾቻችን ልጅ ከእኩዮቿ ተነጥላ እንዴት ትሆናለች አልን፤ ግማሾቻችን ደግሞ ልጅ እየደበዘዘች ዝም ብሎ ማየት ኃጢአት ነው አልን። እኔ የዕለቱን መዋጮ እየመዘገብኩ ስለነበር አልተናገርኩም። እውነቱን ለመናገር ግን ዝም ያሰኘኝ መዝገቡ ብቻ አይደለም። የእኔም ልጅ ስድስት ዓመት ሞልቶታል፤ ጥያቄው ነገ ቤቴ እንደሚመጣ ስለማውቅ ፈርቼ ነው።

ማታ ቤቴ ገብቼ ሳስብ ኮሌጅ ሳለሁ ያነበብኩት የማሪ ኩሪ የሕይወት ታሪክ ትዝ አለኝ። ማሪ ኩሪን ሁላችንም ከትምህርት ቤት እናውቃታለን፤ ራዲየምን ያገኘች፣ ሁለት ጊዜ የኖቤል ሽልማት የወሰደች ሴት ተብላ። ታሪኳን የጻፈችው ትንሿ ልጇ ኤቭ ናት። እኔ ከመጽሐፉ በልቤ የቀረው የላቦራቶሪው ነገር ሳይሆን ማሪ ትልቋን ልጇን ለማስተማር ያደረገችው ነገር ነበር። ስለዚህ ለጥያቄው መልስ የለኝም፤ ታሪኩን ግን ልንገራችሁ። ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ማሪያ ስክሎዶፍስካ በ1867 ዋርሶ ተወለደች። ያን ጊዜ ፖላንድ ነፃ አገር አልነበረችም፤ ዋርሶ የምትገዛው በሩሲያው ዛር ነበር። አባቷ የሒሳብና የፊዚክስ መምህር ሲሆኑ እናቷ የሴቶች አዳሪ ትምህርት ቤት ያስተዳድሩ ነበር። ማሪያ ከአምስት ልጆች የመጨረሻዋ ናት። ገና የአራት ዓመት ልጅ ሳለች ታላቅ እህቷ ብሮንያ ፊደል ስትለማመድ አጠገቧ እየተቀመጠች ማንበብ ለመደች። አንድ ቀን ብሮንያ ወላጆቿ ፊት ስትንተባተብ ትንሿ መጽሐፉን ቀምታ ያለ ችግር አነበበችው። ሁሉም ደንግጠው ዝም ሲሉ ያጠፋች መስሏት አለቀሰች። ወላጆቿ በዚህ ከመኩራት ይልቅ ሰጉ። ከዚያ በኋላ መጽሐፍ ባነሳች ቁጥር ሂጂ ተጫወቺ፣ አትክልቱ ቦታ ውጪ ይሏት ነበር። ሁለቱም መምህራን ሆነው እንዲህ ማድረጋቸው ይገርመኛል። እኛ ብንሆን ጎረቤት ሁሉ ጠርተን እናስነብባት ነበር።

የቤቱ ኑሮ ግን ብዙም ሳይቆይ ተናጋ። አባትየው ከሩሲያ አለቆቻቸው ጋር ስላልተስማሙ ከደረጃቸው ዝቅ ተደረጉ። ደመወዙ ሲጎድል ተማሪዎችን እያስከፈሉ ቤታቸው ማሳደር ጀመሩ። ከነዚያ ተማሪዎች ጋር የገባ ተስቦ ታላቋን እህት ዞስያን ገደላት። በ1878 ደግሞ እናትየው በሳንባ ነቀርሳ አረፉ። ማሪያ አሥር ዓመቷ ነበር።

በዚያው ዘመን ትማርበት የነበረው የግል ትምህርት ቤት ሁለት ገጽ ያለው ነበር። ሕጉ ትምህርት ሁሉ በሩሲያኛ እንዲሰጥ ያዛል፤ መምህራኑ ግን የፖላንድን ታሪክ በፖላንድ ቋንቋ በድብቅ ያስተምራሉ። ተቆጣጣሪው ሲመጣ ደወል ይደወላል፤ ልጆቹ መጻሕፍቱን ይደብቁና መርፌና ጨርቅ ይዘው ጥልፍ የሚጠልፉ መስለው ይቀመጣሉ። ከዚያ መምህርቷ አንዷን ልጅ ትጠራለች። የምትጠራው ሁልጊዜ ማሪያ ነበረች፤ ሩሲያኛውን ያለ እንከን የምትናገረው እሷ ናትና። ጸሎቱን በሩሲያኛ ትደግማለች፣ የዛሮቹን ስም በተራ ትዘረዝራለች፣ ተቆጣጣሪው ረክቶ ይሄዳል። እሱ ሲወጣ ልጅቷ ታለቅሳለች። ጎበዝ ልጅ መሆን አንዳንዴ የክፍሉን ሁሉ ሸክም መሸከም ነው።

አባቷ በዚህ ትምህርት ቤት እስከ መጨረሻው አላቆዩአትም። በሕግ የሚታወቅ ዲፕሎማ የሚሰጠው የመንግሥቱ ጂምናዝየም ብቻ ስለነበር ወደዚያ አዛወሯት። ጠላት የሚያስተዳድረው ትምህርት ቤት ነው፤ ወረቀቱ ግን እዚያ ነበር። ይህን ነገር ልብ በሉልኝ፤ ከሠላሳ ዓመት በኋላ ማሪያ ራሷ እናት ሆና ተመልሳ ትገጥመዋለች።

በ1883 ገና አሥራ ስድስት ዓመት ሳይሞላት በወርቅ ሜዳሊያ ጨረሰች። ከዚያ ግን ጉልበቷ አለቀ፤ ዛሬ ቢሆን ድብርት እንለው ይሆናል። አባቷ ያደረጉት ነገር፣ የወርቅ ሜዳሊያ ላመጣች ልጅ ቀጣዩን ፈተና ከመደርደር ይልቅ ገጠር ዘመዶቿ ዘንድ ሄዳ አንድ ዓመት እንድታርፍ መፍቀድ ነበር። አንድ ሙሉ ዓመት ከቁም ነገር መጽሐፍ ርቃ ፈረስ ጋለበች፣ በበረዶ ጋሪ ተንሸራተተች፣ እስኪነጋ ጨፈረች። ሰውዬው ደመወዛቸው የማይበቃ፣ አራት ልጆች ብቻቸውን የሚያሳድጉ አባት ነበሩ። በእኔ ስሌት ያ ዓመት በዚያ ቤት ከወጣው ወጪ ሁሉ ውዱ ነው።

ወደ ዋርሶ ስትመለስ መንገዱ ዝግ ነበር፤ የዋርሶ ዩኒቨርሲቲ ሴት አይቀበልም። የፖላንድ ወጣቶች ግን የራሳቸውን ከፍተኛ ትምህርት ቤት በምስጢር አቋቁመው ነበር። በሰዎች መኖሪያ ቤት እየተሰበሰቡ፣ ፖሊስ እንዳይደርስባቸው ቦታ እየቀያየሩ ይማራሉ። በራሪው ዩኒቨርሲቲ ይባል ነበር። ማሪያና ብሮንያ እዚያ ተማሩ። ቀጥሎ ሁለቱ እህትማማቾች፣ እኛ እቁብ የምንጥል ሴቶች ወዲያው የሚገባንን ውል ተዋዋሉ። መጀመሪያ ብሮንያ ፓሪስ ሄዳ ሕክምና ትማራለች፤ ማሪያ ሠርታ ትከፍልላታለች። ብሮንያ ስትጨርስ ደግሞ በተራዋ ማሪያን ታስመጣለች። ዳኛ የለው፣ ፊርማ የለው፤ ተራ ብቻ ነው።

ማሪያ ተራዋን የጠበቀችው ከዋርሶ ርቆ በሚገኝ ገጠር የአንድ ባለጸጋ ቤተሰብ ልጆች አስተማሪ ሆና ነው። ከደመወዟ ለእህቷ እየላከች ማታ ማታ ብቻዋን ሒሳብና ፊዚክስ ታጠናለች። ሥራዋ ይህ ብቻ ቢሆን ይበቃት ነበር። እሷ ግን ከአሠሪዎቿ ትልቋ ሴት ልጅ ጋር ሆና የመንደሩን ገበሬዎች ልጆች ሰብስባ በፖላንድ ቋንቋ ማንበብና መጻፍ ማስተማር ጀመረች። ቢደረስባቸው የሚያሳስር ነገር ነበር። የቤቱ ታላቅ ወንድ ልጅ ወደዳት፣ ወደደችው፤ ወላጆቹ ግን ለቤታችን ደመወዝተኛ አንድርም ብለው ከለከሉ። ብሮንያ የገባችውን ቃል ፈጸመች። በ1891 ማሪያ ፓሪስ ገባች፣ ሶርቦን ዩኒቨርሲቲ ተመዘገበች፣ በ1893 በፊዚክስ ዲግሪዋን አንደኛ ወጥታ፣ በሚቀጥለው ዓመት በሒሳብ ሁለተኛ ወጥታ ያዘች። ስሟም በፈረንሳይኛ ማሪ ሆነ።

እዚያ ያገባችው ፒየር ኩሪ ትምህርት ቤት ገብቶ የማያውቅ ሰው ነበር። አልተሳሳትኩም፣ ትምህርት ቤት አልገባም። አባቱ ዶክተር ዩዤን ኩሪ ሐኪም ነበሩ። ልጃቸው ዝግ ያለ፣ ወደ አንድ ነገር ከገባ በቀላሉ የማይወጣ፣ ቶሎ ቶሎ ከትምህርት ወደ ትምህርት መዝለል የማይሆንለት ልጅ መሆኑን አዩ። የዘመኑ ትምህርት ቤት እንዲህ ያለውን ልጅ ደደብ ብሎ እንደሚጥለው ስለገባቸው እናቱና አባቱ ቤት አስተማሩት፣ ሜዳና ጫካ እያስዞሩ ዕፅዋት አሳዩት፤ አሥራ አራት ዓመት ሲሆነው ጥሩ የሒሳብ አስጠኚ አገኙለት። በአሥራ ስድስት ዓመቱ ባካሎሬያ የሚባለውን የመልቀቂያ ፈተና አለፈ፣ በአሥራ ስምንት ዓመቱ ዲግሪ ያዘ። ማሪ ከሞቱ በኋላ የሕይወት ታሪኩን ስትጽፍ ይህን ነገር በጥንቃቄ አስፍራዋለች።

የሳይንሱን ሥራ ሌላ ቦታ ታነቡታላችሁና አጠር ላድርገው። በ1895 ተጋቡ። ፒየር በሚያስተምርበት የፊዚክስና የኬሚስትሪ ትምህርት ቤት ግቢ ውስጥ በ1898 ፖሎኒየምንና ራዲየምን አገኙ፤ በ1903 ኖቤል ተሸለሙ። ራዲየም የማውጫውን ዘዴ በስማቸው አስመዝግበው ገንዘብ ሊያገኙበት ሲችሉ አንፈልግም አሉ። ኢሬን በ1897፣ ኤቭ በ1904 ተወለዱ። ኢሬን በተወለደች በጥቂት ሳምንት ውስጥ የፒየር እናት ሞቱ፤ አያትየው ዶክተር ኩሪም መጥተው ከእነሱ ጋር መኖር ጀመሩ። ማሪ ላቦራቶሪ መዋል የቻለችው በእኚህ ሽማግሌ ነው። ብዙ ሰው ማሪን ሲያመሰግን እሳቸውን ይረሳል፤ እኔ ግን ልጄን እናቴ ዘንድ ጥዬ ቢሮ ስለምውል አልረሳቸውም።

ሚያዝያ 19 ቀን 1906 ፒየር ፓሪስ መንገድ ላይ ሲሻገር በፈረስ በሚጎተት የጭነት ጋሪ ተገጭቶ ሞተ። ማሪ በሠላሳ ስምንት ዓመቷ፣ የስምንት ዓመትና የአንድ ዓመት ተኩል ልጆች ይዛ ባሏ ሞተባት። መንግሥት ጡረታ ሊሰጣት ፈለገ፤ እኔ መሥራት እችላለሁ ብላ መለሰችው። ሶርቦንም የፒየርን ትምህርት እሷ እንድታስተምር ሾማት። እዚያ ያስተማረች የመጀመሪያዋ ሴት እሷ ናት። ቤቷን ሶ ወደምትባል ከፓሪስ ወጣ ያለች መንደር፣ ፒየር ወደተቀበረበት አዛወረች። በየቀኑ ግማሽ ሰዓት ያህል በባቡር ትመላለሳለች።

ኢሬን አሥር ዓመት ሲሞላት የትምህርት ቤት ጥያቄ መጣ። ልጅቷ የአባቷ ግልባጭ ናት፤ ዝምተኛ፣ ከሰው የምትሸሽ፣ ለመመለስ የማትቸኩል፣ ግን ሒሳብ ሲሰጣት የማትለቅ። ማሪ የዘመኑን ትምህርት ቤቶች ስትመለከት አልወደደችውም። ልጆች ቀኑን ሙሉ አየር በሌለው ክፍል ተዘግተው ይውላሉ፤ መሮጥ ባለባቸው ዕድሜ ወንበር ላይ ይደርቃሉ። ለአንዲት እህቷ በጻፈችው ደብዳቤ ስለዚህ ነገር በጣም መራራ ነገር ጽፋለች። ሌላም ችግር ነበር። በፈረንሳይ የመንግሥት የሴቶች ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች የሚሰጡት ዲፕሎማ ከወንዶቹ የተለየ ነበር፤ ዩኒቨርሲቲ ለሚያስገባው ባካሎሬያ አያዘጋጁም። ይህ የተስተካከለው በ1924 ነው። ስለዚህ ልጅቷን ወደ መደበኛው መስመር መላክ መንገዷን ከመጀመሪያው ማጥበብ ነበር።

ቤት አስቀምጦ ማስተማር ደግሞ አልሆነላትም። ጊዜ የላትም፤ በዚያ ላይ ሰው የምትሸሽ ልጅ ብቻዋን ተዘግታ ትማር ማለት ሌላ ጥፋት ነው። ማሪ ያደረገችው ነገር እኛ አገር ገበሬው ወንፈል የሚለውን ነው። ሶርቦንና አካባቢው የሚያስተምሩ ጓደኞቿን ሰበሰበች። እነሱም ልጆች አሏቸው፣ እነሱም ተመሳሳይ ጭንቀት አለባቸው። ዛሬ የኔን እርሻ፣ ነገ ያንተን ተባባሉ። ወደ አሥር የሚሆኑ ወንዶችና ሴቶች ልጆች አንድ ላይ ሆኑ። በቀን አንድ ትምህርት ብቻ ይሰጣል፤ ያንን ደግሞ ነገሩን ጠንቅቆ የሚያውቅ ሰው ይሰጣል። የቀረው ሰዓት የልጆቹ ነው፤ በእግር ይሄዳሉ፣ ብስክሌት ይነዳሉ፣ የእጅ ሥራ ይሠራሉ። ማሪ ሶ ግቢዋ ውስጥ ገመድና መወጣጫ አስተክላ ልጆቿ ሰውነታቸውን እንዲያፍታቱ ታደርግ ነበር። አትክልት መኮትኮት፣ ልብስ መስፋት፣ ምግብ መሥራትም አልቀረ።

መምህራኑን ስትሰሙ ትስቃላችሁ። ኬሚስትሪ የሚያስተምረው ዣን ፔረን ነው፤ አቶም በእርግጥ መኖሩን በሙከራ በማሳየቱ በኋላ በ1926 ኖቤል የተሸለመው። ሒሳብ የሚያስተምረው ፖል ላንዥቨን ነው፤ የታወቀ የፊዚክስ ሊቅ። ሥነ ጽሑፉን፣ ታሪኩን፣ የውጭ ቋንቋዎቹንና የተፈጥሮ ሳይንሱን ወይዘሮ ፔረን፣ ወይዘሮ ሻቫንና ፕሮፌሰር ሙቶን ተከፋፍለውታል። ማግሩ የሚባል ቀራጺ ሥዕልና ቅርጻ ቅርጽ ያስተምራል። ሐሙስ ከሰዓት በኋላ የማሪ የፊዚክስ ተራ ነው። ቦታውም ያው ራዲየም የተገኘበት ትምህርት ቤት፣ ማንም የማይጠቀምበት አንድ ክፍል ነበር። ልጆቹ በሳምንት ውስጥ ከሶርቦን ላቦራቶሪ ወደ ላንዥቨን መንደር፣ ከዚያ ወደ ማሪ ይዞራሉ። የፓሪስ ወሬኛ ጋዜጣ ይህን ሰምቶ፣ ማንበብ በቅጡ የማይችሉ ሕፃናት ሶርቦን ገብተው መርዝና እሳት ያቀላቅላሉ፣ ሕንጻው እስካሁን አለመፈንዳቱ ተአምር ነው እያለ ቀለደባቸው።

የማሪን ትምህርት ዛሬ በትክክል የምናውቀው ከተማሪዎቹ አንዷ፣ የሻቫን ቤተሰብ ልጅ ኢዛቤል በ1907 የየዕለቱን ትምህርት በደብተሯ እየጻፈች ስላስቀመጠች ነው። ማሪ ባዶ ጠርሙስ ታሳያቸውና ውስጡ ምን አለ ብላ ትጠይቃለች። ምንም የለም ይላሉ። ጠርሙሱን አፉን ወደታች ደፍታ ውሃ ውስጥ ስትነክረው ውሃው አይገባም፤ ታዲያ ምንም ከሌለ ማን ከለከለው? ዘንበል ስታደርገው አረፋው ቡልቅ ቡልቅ ይላል፤ አየር እንደነበረ ያኔ ይገባቸዋል። ቀጥሎ አየር ክብደት እንዳለው በሚዛን ያያሉ። እንቁላል በንጹህ ውሃ ሲሰምጥ ጨው ሲጨመርበት ለምን እንደሚንሳፈፍ፣ ውሃ እስከ ቤታችን ቧንቧ እንዴት እንደሚደርስ ራሳቸው እየሠሩ ይደርሱበታል። ሌላ ጊዜ ደግሞ የብስክሌት ኩሽኔታ ኳሶችን ቀለም ውስጥ ነክረው ዘንበል ባለ ጣውላ ላይ ይለቋቸዋል፤ ኳሶቹ እየወረዱ ጣውላው ላይ በሚስሉት መስመር የአወዳደቅን ሕግ በዓይናቸው ያያሉ። በቃል ሒሳብ ላይ ማሪ ጨካኝ ነበረች፤ መፍጠን ሳይሆን አለመሳሳት ነው የምትፈልገው። ጠረጴዛ አበላሽቶ በኋላ አጸዳለሁ የሚል ልጅም አትወድም፤ ሲሠራ መጀመሪያውኑ አለመበከል ነው።

ከሁሉ የምወደው የማሰሮው ነገር ነው። አንድ ቀን ትኩስ ፈሳሽ የያዘ ዕቃ እንዳይቀዘቅዝ ምን ይደረግ ብላ ጠየቀቻቸው። የሊቃውንት ልጆች ናቸውና ተራቀቁ፤ አንዱ በሱፍ እንጠቅልለው፣ ሌላው በሌላ ዘዴ ሙቀቱን እናግደው ይላል። ማሪ ፈገግ ብላ እሷ ብትሆን መጀመሪያ ክዳኑን እንደምትከድነው ነገረቻቸው። ትምህርቱ በዚህ አለቀ። ለዚህ ሶርቦን አያስፈልግም፤ የኔ እናት ጀበና አፍ ላይ ውታፍ ስታደርግ የምታስተምረው ነው።

እንደ ሂሳብ ሠራተኛ ይህን ነገር ወጪና ገቢው ምን ይመስል ነበር ብዬ ሳላስብ አላልፍም። አንድ ቤት በሳምንት አንድ ትምህርት ያዋጣል፤ ልጁ ግን የሳምንቱን ሁሉ ይወስዳል። ገንዘብ አይቀባበሉም። ትርፉ ግልጽ ነው። ዕዳውን ግን አንደብቀው። እነዚህ ሰዎች ላቦራቶሪ በእጃቸው ያለ ፕሮፌሰሮች ናቸው፤ ከእኛ መካከል እንዲህ ያለ ዕቃ ያለው የለም። ልጆቹን ከቦታ ቦታ የሚያመላልስ፣ ምሳቸውን የሚቋጥር፣ የረጠበ ጫማቸውን የሚያደርቅ ሰው አለ፤ በማሪ ቤት እሱን የሚሠሩት ከፖላንድ የመጡ ሞግዚቶችና አያትየው ነበሩ። የነዚህ ሰዎች ሰዓት በማንም መዝገብ አልገባም። ወላጆቹም ቢሆኑ የራሳቸው ምርምር አለባቸው፤ እያደር ደከሙ። ልጆቹም እያደጉ ሄዱ፣ ፈተናው ቀረበ። ባካሎሬያ የራሱ ሥርዓት አለው፤ በኩሽኔታ ኳስ አይታለፍም። ወንፈሉ ሁለት ዓመት ያህል ቆይቶ ተበተነ።

ታሪኩን የሚያወሩ ሰዎች ብዙ ጊዜ እዚህ ላይ ያቆማሉ። ለእኔ ግን የማሪ ብልሃት የታየኝ ከዚህ በኋላ ነው። አባቷ ዋርሶ ላይ እንዳደረጉት ወረቀቱ ያለበትን ቦታ ፈለገች። ግን የመጣውን አልተቀበለችም። ፓሪስ ውስጥ ኮሌዥ ሴቪኜ የሚባል በ1880 የተቋቋመ የግል የሴቶች ትምህርት ቤት ነበር፤ የክፍል ሰዓቱ አጠር ያለ ሲሆን ሴቶችን ለባካሎሬያ ያዘጋጃል። ኢሬንን እዚያ አስገባቻት፤ በኋላም ኤቭን። ሁለቱ የወንፈል ዓመታት ልጅቷን ከትምህርት ቤት ለዘላለም ለማስወጣት ሳይሆን አሥር ዓመት የሆናት ልጅ ነገሩን በእጇ ነክታ እንድትወደው ነበሩ። የሒሳቡንም ክር አልለቀቀችም። በየክረምቱ ሲለያዩ ማሪ በደብዳቤ የሒሳብ ጥያቄ ትልካለች፣ ኢሬን ሠርታ ትመልሳለች። ደብዳቤዎቻቸው ታትመዋል፤ ናፍቆትና ስሌት አንድ ገጽ ላይ ተደባልቀው ይገኛሉ።

መከራው አልቀረላቸውም። በ1910 አያትየው ሞቱ፤ ኢሬን ሁለተኛ አባት አጣች። በ1911 ጋዜጦች ማሪ ከላንዥቨን ጋር ግንኙነት አላት ብለው ገመናዋን አደባባይ አወጡት። እሱ ባለትዳር ነበር፣ እሷ ባሏ የሞተባት፤ የተሰደበችው ግን በብዛት እሷ ናት፣ ያውም የውጭ አገር ሰው እየተባለች። በዚያው ዓመት ሁለተኛውን ኖቤል፣ የኬሚስትሪውን አገኘች፤ አሥራ አራት ዓመት የሞላትን ኢሬንን ይዛ ስቶክሆልም ሄዳ ተቀበለች። ስትመለስ ለወራት ታመመች።

በ1914 ጦርነቱ ሲጀመር ማሪ የራጅ መሣሪያ በመኪና ጭና ቁስለኞች ወዳሉበት መሄድ ጀመረች። ኢሬን ባካሎሬያዋን ይዛ ሶርቦን ልትገባ ነው፤ አሥራ ሰባት ዓመቷ ነበር። እናቷን ተከትላ ሄደች፤ በአሥራ ስምንት ዓመቷ ጦር ግንባር አጠገብ ባለ ሆስፒታል ብቻዋን ሆና ራጅ ታነሳለች፣ ጥይቱ የቱ ጋ እንዳለ ለሐኪሞቹ በስሌት ታሳያለች፣ የጎልማሳ ሐኪም ክርክር ትመልሳለች። ሰው ስትሸሽ የነበረችው ልጅ ናት። በዚያው መካከል የሶርቦንን ፈተናዎች አንድ በአንድ አለፈች። እናትና ልጅ ሆነው ወደ 150 የሚሆኑ ሴቶችን በራጅ ሥራ አሰልጥነዋል።

ኤቭ ለዚያ ወንፈል ገና ሕፃን ነበረች፤ ሌላ አልተሠራላትም። ዝንባሌዋ ሙዚቃ ስለነበር ማሪ፣ ራሷ ሙዚቃ እምብዛም የማትሰማ ሴት፣ ፒያኖ ገዛችላት። ኤቭ ግን እናቷ መንገዷን እንደ እህቷ በትክክል ያወቀችላት አይመስለኝም። ይህ የኔ ግምት ነው። አንድ እናት ሁለቱን ልጆቿን በአንድ ዓይነት ጥንቃቄ ማየት ምን ያህል ከባድ እንደሆነ ሁለትና ከዚያ በላይ ያላችሁ ታውቁታላችሁ።

በጥር 1934 ኢሬንና ባሏ ፍሬዴሪክ ዦልዮ በሰው እጅ ጨረር አመንጪ ንጥረ ነገር መፍጠር እንደሚቻል አሳዩ። ማሪ ላቦራቶሪው ውስጥ ቆማ አየች። ሽልማቱን ግን አላየችም። ለብዙ ዓመት ራዲየምና ራጅ አጠገብ የኖረ ሰውነቷ ደም ማምረት አቅቶት ሐምሌ 4 ቀን 1934 በስልሳ ስድስት ዓመቷ አረፈች። ኖቤሉ ለኢሬንና ለባሏ የተሰጠው በሚቀጥለው ዓመት ነው። በ1936 ኢሬን የፈረንሳይ መንግሥት ውስጥ ከተሾሙት የመጀመሪያዎቹ ሦስት ሴቶች አንዷ ሆነች። እሷም በ1956 በደም ካንሰር ሞተች። ከወንፈሉ ልጆች የዣን ፔረን ልጅ ፍራንሲስ እንደ አባቱ የፊዚክስ ሊቅ ሆኖ የፈረንሳይን የአቶም ኃይል ተቋም መርቷል።

የኢዛቤል ደብተር መቶ ዓመት ሊሞላው ሲቃረብ በ2003 መጽሐፍ ሆኖ ታተመ። ውስጡ ያለው ጠርሙስ፣ ውሃ፣ እንቁላልና ጨው ነው።

ይህን ጽሑፍ ለማህበሩ ከመስጠቴ በፊት ጥያቄውን ላነሳችው አባላችን አነበብኩላት። ጥቂት ዝም ብላ ሐሙስ ከሰዓት ማን ሥራ የሌለው አለ አለችኝ። አንዷ ዳቦ ጋጋሪ ናት፣ ሌላዋ ነርስ፣ ሌላዋ ልብስ ሰፊ፣ እኔ ሂሳብ ሠራተኛ። ሐሙስ ለማናችንም አይመችም። ቅዳሜ ከእድር በኋላ ያለውን ሰዓት እያየን ነው። ልጅቷ እስካሁን እዚያው አራተኛ ክፍል ናት።